የመንታው ቤት መስኮት

በዚያ ቤት በቀን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ከተሰማ፣ ወይ እንግዳ ነው ወይ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሠራተኛ። የቤቱ ሰው የሚኖረው በሹክሹክታ ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ የድስት ክዳን የሚነሳው በጨርቅ ተይዞ ነው፤ የጓሮው በር ማጠፊያ ሲጢጥ እንዳይል በየጊዜው ዘይት ይጠጣል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ የቤቱ አባወራ ሌሊቱን ዳቦ ሲጋግር አድሮ ጠዋት ይገባና እስከ አመሻሽ ይተኛል። ሚስቱ የእንቅልፉ ዘብ ናት። ድሮ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ልጆቿን ታስፈራራ ነበር፤ ልጆቹ አግብተው ከወጡ ወዲህ ደግሞ ድመቱን፣ ሎተሪ አዟሪውን፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ሳይቀር በዚያው ጣት ትገስጻለች። ሰፈሩ ስሟን ትቶ “ወይዘሮ ሽሽ” ይላታል። ሰምታለች፤ አልከፋትም።

ቤቱ መንታ ነው። መሃል ለመሃል ሰፊ ኮሪደር አለ፤ በግራ አንድ ትልቅ ክፍል፣ በቀኝ አንድ ትልቅ ክፍል፣ ከኋላ ማድ ቤት። ድሮ የነጋዴ መጋዘን ስለነበር ሁለቱ የፊት ክፍሎች ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት የላቸውም፤ የቀን ብርሃን የሚገባው በኮሪደሩ በር ብቻ ነው። አባት ሲሞቱ አንዱ ወገን ለወንድ ልጃቸው፣ ሌላው ለሴት ልጃቸው ደረሰ። ሴቷ ሃምሳን ካለፈች ቆየች፤ ዛሬም ግን “ሚጢ” ነው የምትባለው፤ የታናሽነት ነገር ዕድሜ አይፈታውም። ልብስ ሰፊ ናት። የምትሰፋው የጠበቆችና የዳኞች ካባ ነው፤ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር።

ጥቁሩን በጥቁር የሰፋ ሰው ያውቀዋል። አምፑል ሥር ጨርቁ ሬንጅ ይሆናል። ስፌቱ የት ላይ እንደሄደ፣ የጨርቁ ጸጉር ወደ ላይ ይተኛ ወደ ታች፣ በእጅ ካልዳበሱት በዓይን አይለይም። ይህ ሥራ የቀን ብርሃን ይፈልጋል። የቀን ብርሃኑ ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ኮሪደሩ ደግሞ የወንድሟ መኝታ ቤት አፍ ነው። እዚያ ተቀምጦ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ማንኳኳት በወይዘሮ ሽሽ ዘንድ ከነፍስ ግድያ ብዙም አይተናነስም። ስለዚህ ሚጢ ቀን ቀን ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ትዘመዝማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፤ የመኪናውን ሥራ ግን ክፍሏ ገብታ፣ በሯን ዘግታ፣ ከመኪናው እግር ሥር ብርድ ልብስ አንጥፋ፣ አምፑል ሥር ትጨርሳለች። ብርሃን ባለበት ድምፅ ክልክል ነው፤ ድምፅ በሚፈቀድበት ብርሃን የለም። ስንት ዓመት እንዲህ ኖረች፤ ዓይኖቿ እምቢ እስኪሉ ድረስ።

እምቢ ያሉት በአንድ ዳኛ ካባ ላይ ነው። አንዱን እጅጌ ጸጉሩን ገልብጣ ገጠመችው። ዳኛው ችሎት ተሰይመው በመስኮት የገባው ፀሐይ ቢያርፍባቸው አንድ ክንዳቸው ጥቁር፣ አንድ ክንዳቸው አመድማ ሆኖ ታየ፤ ተከሳሹ ራሱ ፈገግ አለ ተባለ። ካባው ተመለሰ። ሥራ የሚያመጣላት ነጋዴ ካባውን እቅፏ ውስጥ አስቀምጦ፣ “እትዬ ሚጢ፣ እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም። አንድ ጊዜ እንዲህ ከደገመ ግን ለሌላ ሰፊ እሰጣለሁ፤ እኔም እንጀራዬ ነው” አላት። ሚጢ አልተከራከረችም። በማግስቱ ነጠላ ጫማዋን ለውጣ፣ በክፍሏ ግድግዳ ላይ መስኮት ለማውጣት ፈቃድ ልትጠይቅ ሄደች።

ፈቃዱ ቀላል አልነበረም፤ መንገዱ በሙሉ የቅርስ ክልል ነው። እዚያ መንገድ ላይ የበር ቀለም እንኳ ያለ ቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ አይቀየርም። ፋይሉ የደረሳት ባለሙያ ወጣት ናት፤ ሩቅ አገር ተምራ በቅርቡ የተመለሰች፣ አንድ ነገር በተናገረች ቁጥር የተናገረችውን መልሳ የምትጠራጠር።

“ይፈቀዳል፤” አለች። “ማለቴ፣ ሊፈቀድ ይችላል። ግን አንድ መስኮት ብቻውን አይሆንም።”

“ብቻውን ካልሆነ ከማን ጋር ሊሆን ነው?”

“ቤትዎ መንታ ነው እኮ እትዬ። ከመንገድ ሲታይ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ደንቡ መንታነቱ አይነካም ይላል። በርስዎ በኩል መስኮት ከወጣ በወንድምዎም በኩል ያንኑ የሚያህል፣ በዚያው ከፍታ መውጣት አለበት። እሳቸውም ይፈርማሉ።”

“ወንድሜ ቀን ነው የሚተኛው።”

“የእንጨት መዝጊያ ይኖረዋል።”

“እንግዲያ ይዘጋዋላ!”

ባለሙያዋ አንገቷን ሰበረች። “ቀን ቀን መዝጊያው ክፍት ሆኖ መታየት አለበት። ለመንገዱ መልክ። እኔ አይደለሁም የጻፍኩት።”

“ከውጭ መስኮት መስሎ ከውስጥ ግድግዳው ባይነካስ?”

“እሱንም ጠይቄያለሁ። የቅርስ ኮሚቴው የውሸት መስኮት አይፈቅድም።”

“የእውነት ዓይን ሲጠፋስ ይፈቅዳል?”

ባለሙያዋ ሁለቱን ግድግዳዎች ለመለካት ረቡዕ እመጣለሁ ብላ ፋይሉን አጠፈች።

ወንድምየው ሲነቃ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ፊቱን ይታጠባል። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። ሚጢ ፎጣውን ይዛ ከፊቱ ቆመችና ጉዳዩን ነገረችው፤ እንደ ወትሮው በሹክሹክታ፣ ግድግዳውንና መስኮቱን በእጇ እየሳለች። ሹክሹክታ በለመደ ቤት እጅና ከንፈር ብዙ ይሠራሉ፤ ሰው ሲነጋገር ፊት ለፊት ተያይቶ ነው።

“አንድ መስኮት ላንቺ፣ አንዱ ለኔ፤” አለ ወንድሟ። “እኔን ማን ጠየቀኝ?”

“ጋሼ፣ ደንብ ነው።”

“ደንቡ መጥቶ ይተኛልኛ።”

“ወፍራም መጋረጃ እሰፋልሃለሁ።”

“ሚጢ፣ በበሩ ሥር የምትገባዋን እንኳ በከረጢት ነው የምደፍናት። ክር የምታህል ብርሃን ዓይኔ ላይ ካረፈች አለቀ፣ ተነሳሁ። ሳልተኛ ምድጃ ፊት ልቁም? ከዳቦው ጋር እጄን ልጋግረው?”

“የኔስ ዓይን ጋሼ?”

ፎጣውን ተቀብሏት ፊቱን ውስጡ ቀበረ። እሷም የቀረውን ለፎጣው ነገረችው፤ የዳኛውን እጅጌ፣ የነጋዴውን ማስጠንቀቂያ፣ ከዚህ ሥራ በቀር እጇ ሌላ ሥራ እንደማያውቅ። ለእሷ ረጅም ንግግር ነበር። ወንድሟ ፎጣውን አውርዶ ትከሻው ላይ ጣል አደረገና፣ “ሻይ ደርሷል?” ብሎ ወደ ማድ ቤት አለፈ። ንቀት ነው አለች ሚጢ በልቧ፤ ንቀት እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ባለሙያዋ ሜትሯንና ታጣፊ የብረት መሰላሏን ይዛ መጣች። ወይዘሮ ሽሽ በር ላይ አስቁማ ጫማዋን አስወለቀቻት፣ አምባሯን አስፈታቻት፣ የእጅ ባትሪዋን በመሐረብ ሸፈነችላት። ሲነጋገሩ የሰማ ቤተ መዛግብት ሊዘርፉ ነው ይል ነበር።

“ሳል ቢመጣብኝስ?” አለች ባለሙያዋ በሹክሹክታ።

“ዋጪው።”

ሦስቱ ሴቶች ተከታትለው ገቡና በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ክፍሉ እንደ ጉድጓድ ጨለማ ነው። አልጋው ላይ አንድ ኮረብታ ይነሳል፣ ይወድቃል። ባለሙያዋ መሰላሉን ግድግዳው ሥር ዘርግታ ሁለት ደረጃ ወጣች፤ ሚጢ የሜትሩን ጫፍ ያዘችላት። ከጣሪያው እስከ መስኮቱ ራስ ሊሆን ወደታሰበው ቦታ ለኩ። ከዚያ ባለሙያዋ ቁጥሩን ልትጽፍ ወርዳ መሰላሉን ወደ ጎን ስታስጠጋው የአንዱ እግር መቆለፊያ ተፈታ። መሰላሉ ተንሸራቶ የልብስ ሳጥኑ ላይ፣ ከሳጥኑ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። የብረት ሳጥን ነው። ጩኸቱ ሚጢን ጥርሷ ድረስ ዘለቃት፤ መንገድ ላይ የነበረ ውሻ ጮኸ።

ማንም አልተነቃነቀም። አልጋው ላይ ያለው ኮረብታ ተነሳ፣ ወደቀ። ተነሳ፣ ወደቀ። ማንኮራፋቱ እንኳ ቅኝቱን አልሳተም።

ሚጢ ወንድሟን አየች። ቀና ስትል ወይዘሮ ሽሽ ባሏን ሳይሆን እሷን፣ ሚጢን፣ ስታያት አገኘቻት። ባለሙያዋ በበኩሏ ድንጋጤው ለቀቃትና ለመሸሽ በሩን ብርግድ አደረገችው። ከኮሪደሩ የገባው ብርሃን ትራሱ ላይ ሲደርስ ወንድምየው ከወገቡ ቀና አለ።

“ማነው! ዝጉት!”

ዘጉት።

ሚጢ እስኪመሽ ድረስ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የተከለችው። አመሻሽ ላይ ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲያስር ከኋላው ቆመችና፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ድምፅዋ ተናገረች።

“ጋሼ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው።”

የግራውን ጫማ ጨርሶ የቀኙን ጀመረ።

ዞራ ከፊቱ ቆመች። ቀና ብሎ ፊቷን አየና እጁ ማሰሪያው ላይ ቆመ። “ምን አልሽ?”

“ቤቱ እየተቃጠለ ነው አልኩህ።”

ከንፈሯን ተከትሎ አነበበው። ወዲያው ወደ ማድ ቤት ነበር የዞረው፣ እሳት ፍለጋ ሳይሆን ሚስቱ አለመኖሯን ለማየት።

“የሊጥ ማቡኪያው ማሽን ነው፤” አለ ቀስ ብሎ። “ይሄን ሁሉ ዓመት ጆሮዬ ሥር ሲያጓራብኝ። መጀመሪያ ቀጫጭኑ ድምፅ ሄደ፣ የወፍ፣ የስልክ። ኋላ የሰው። ከፊቴ ከሆንሽ አይሻለሁ፤ ከኋላዬ ከሆንሽ የለሽም።”

“ዳቦ ቤትስ እንዴት ትሠራለህ?”

“የምድጃው ደወል ሲጮህ ብረቱ ይነዝራል። እጄን እዚያ አሳርፋለሁ።” ሳቅ ሊል ፈልጎ ተወው። “አለቃዬ ካወቀ አበቃልኝ። የማይሰማ ሰው ምድጃ ላይ አያቆሙም፤ አንዱን በዚሁ አሰናብተውታል። ለጡረታ የቀረኝ ደግሞ ጥቂት ነው።”

“ሚስትህ ታውቃለች?”

“የለም! እንዳትነግሪያት።” ትንሽ አሰበና እጁን ዘረጋ። “ወረቀቱን አምጪ፤ ልፈርምልሽ። መስኮቱን ያውጡት። አንቺ ብቻ…” ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ልክ እንደ ሚስቱ።

ፈረመ። ወጣ። ሚጢ የፈለገችውን ወረቀት ይዛ ክፍሏ ገባችና ደስታው እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። መስኮቱ ቢወጣ ወንድሟ ቀን አይተኛም፤ ያልተተኛና የማይሰማ ሰው ምድጃ ፊት ሊቆም ነው። ይህ አንዱ ነው። ሌላው ግን የባሰ አበገናት። ካልሰማ፣ መስኮት ለምን አስፈለገ? መኪናዋን አውጥታ ኮሪደሩ ላይ ብታንኳኳ ማንን ትቀሰቅሳለች? ብርሃኑ ከደጇ አሥር እርምጃ ሳይርቅ ቁጭ ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ዓይኗን አምፑል ሥር ስታፈስ ኖረች፣ ለማይሰማ ሰው እያንሾካሾከች።

ጠዋት ወንድሟ ገብቶ ከተኛ በኋላ ብርድ ልብሱን ከመኪናው እግር ሥር ጎትታ አወጣችና ወይዘሮ ሽሽን ጠራቻት።

“በዚያ በኩል ያዥልኝ።”

“ወዴት ነው?” አለች ወይዘሮ ሽሽ በሹክሹክታ።

“ኮሪደሩ ላይ።”

“ተኝቷል እኮ!”

“ያዥልኝ አልኩሽ!” አለች ሚጢ፤ በደህና ድምፅ፣ በሩ አፍ ላይ ሆና።

የወይዘሮ ሽሽ ጣት ወደ ከንፈሯ ተነሳ፤ መንገድ ላይ ቆመ፤ ወረደ። ሚጢ የትናንቱን ዓይኗን አስታወሰች፣ መሰላሉ ሲወድቅ ባሏን ያላየችበትን።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?”

“የትልቋ ልጃችን ሰርግ ቀን፤” አለች ወይዘሮ ሽሽ። ድምፅዋ ቀስ በቀስ ከሹክሹክታ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል፤ ጎርነን ያለ። “ሙሽራዋን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን ቆልፎ ሄደ። ስንጠራው፣ ስንጠራው፣ ዞርም አላለ። ሰው ሁሉ የደስታ ነው ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።”

“እና ያን ሁሉ ሽሽ ሽሽ…”

“መጀመሪያ የእውነት ለእንቅልፉ ነበር። ኋላ ግን አሰብኩት። ሁሉም ሰው ካንሾካሾከ የማይሰማው የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?”

“እሱ እኮ አታውቅም ይላል።”

“አውቃለሁ አላልኩትማ! ከኔ መደበቁ ነው ትንሽ ወንድነት የቀረለት፤ እሱንም ልውሰድበት?”

“የኔን ዓይን ግን ወስደሻል።”

ወይዘሮ ሽሽ የመኪናውን ጠርዝ በመቀነቷ ጫፍ ጠረገች፤ አቧራ አልነበረውም። “አላሰብኩትም ብልሽ ይሻላል?” አለች። “አስቤዋለሁ። ያንቺ ዓይን ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ የሱ ሥራ ባንድ ቀን ነው የሚሄደው ብዬ ነው።”

ሚጢ ለዚህ የሚመጥን ስድብ ፈለገች፤ ብዙ ታውቃለች፣ አንዱም ልክ አልመጣም። “አንሺ በይ፤” አለች። ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘው አነሱት። ከባድ ነበር፤ ኮሪደሩ መሃል ላይ አሳርፈው ተነፈሱ፣ ሳይተያዩ።

“ሰው ምን ይላል?” አለች ወይዘሮ ሽሽ። “አለቃው በዚህ ነው የሚያልፈው። በዚህ ጩኸት ተኝቶ ካየ…”

“ሲመጣ እናውቃለን።”

በሳምንቱ መጨረሻ ባለሙያዋ ወረቀቱ መፈረሙን ልትጠይቅ ስትመጣ ሚጢ ከበሩ ብርሃን ሥር መኪናዋን ስትረግጥ አገኘቻት። ቤቱ ይንቀጠቀጣል። ባለሙያዋ ከልማድ ጫማዋን አወለቀች።

“ተይው ጫማውን። መስኮቱንም ተይው፤ ማመልከቻዬን ሰርዢልኝ።”

“እንዴ እትዬ! ወንድምዎ ካልፈረሙ እኔ ለኮሚቴው ለብቻ ላስረዳ እያሰብኩ ነበር። ደንቡ ትክክል አይመስለኝም። ማለቴ፣ ምናልባት ትክክል ነው፣ ግን…”

“ፈርሟል። እኔ ነኝ የተውኩት።”

ባለሙያዋ መኪናውን አየች፤ የተዘጋውን በር አየች፤ በሩ ሥር የተጎሰጎሰውን ከረጢት አየች። “ያን ቀን መሰላሉ ሲወድቅ…” ብላ ጀመረችና አቋረጠችው። ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ጻፈች። “እኔ የግድግዳ ባለሙያ ነኝ፤” አለች። “የማየው ግድግዳ ብቻ ነው።” ጫማዋን አድርጋ ወጣች፤ ደረጃው ላይ ቆማ የቤቱን ባዶ ፊት ግራና ቀኙን እያየች ትንሽ ቆየች፣ እኩልነቱን እንዳላመነች ሁሉ።

አለቃው የመጣው ሌላ ቀን ነው። ወፍራም ሰውዬ፣ የሸሚዙን ኮሌታ ዱቄት የማይለቀው፤ ገና በልጅነቱ በሊጥ አቡኪነት የጀመረ፣ ከማቡኪያው አጠገብ ያረጀ። ከመንገድ ሆኖ መኪናው ሲረገጥ አየና አንገቱን በበሩ አስገባ።

“ኧረ እህቴ! ያ ሰውዬ ሞተ እንዴ? በዚህ ነው የሚተኛው?”

የሚጢ እግር መርገጫው ላይ ቆመ። ከማድ ቤቱ በር ወይዘሮ ሽሽ እጇን እያደረቀች ብቅ አለች፤ የደረቀውን እጅ ደጋግማ ታደርቃለች።

“ከናንተ ማቡኪያ ጋር ኖሮ ኖሮ ዝምታ አላስተኛ አለው፤” አለች ሚጢ ወደ ጨርቁ እንዳቀረቀረች። “ጩኸት ሲቆም ነው የሚባንነው። ይኸው አስቁመው ሊቀሰቅሱብኝ ነው።”

አለቃው አልሳቀም። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። ሚጢ ቀና ስትል ሰውየው የወንድሟን በር እያየ አልነበረም። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ አፏን ነበር የሚያየው፤ ትኩር ብሎ፣ ከንፈሯ እንደገና እስኪንቀሳቀስ።

“ምን አልሽኝ?” አለ። “አቀርቅረሽ ስታወሪ አይደርሰኝም።”

ሚጢ ይህን አስተያየት ታውቀዋለች። መቀሷን አስቀመጠች፣ ፊቷን ሙሉ ለሙሉ ወደ ብርሃኑ አዞረችለት፣ ቃል በቃል፣ ከንፈሯን እየከፈተች ደገመችለት።

“አሃ!” አለ አለቃው ፊቱ ፈክቶ። “እኔም ቤት ያው ነው! ሚስቴን ጠይቂያት፤ ጎረቤት ሲጮህ እኔ ለጥ ነው። የሥራው ነገር ነው፤ እንለምደዋለን።”

“ትለምዱታላችሁ፤” አለች ሚጢ።

“በይ ርገጪው፣ እንዳይነሳብሽ!” ብሎ ወጣ። ከበስተኋላው የመጣ ብስክሌት ደወሉን ደጋግሞ ሲደውልለት መሃል መንገዱን ይዞ ቀጠለ።

“ምን አለ?” አለች ወይዘሮ ሽሽ፣ ድምፅዋ ተመልሶ ሹክሹክታ ሆኖ።

ሚጢ ሰውየው ከመታጠፊያው እስኪሰወር አየችው። ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ነገሩን ያዘችው፣ ለምን እንደያዘችው ሳታውቅ።

“ይተኛ አለ፤” አለችና መርፌውን ጨርቁ ላይ አውርዳ መርገጥ ጀመረች።